ውሃው ሲሸሽ አትከተለው

ልጄ፣ ፎገራ ላይ መሬት ደርሶህ ጎጆ ልትወጣ መሆኑን ሰማሁ፤ እሰየው። እንግዲህ የጣና ጎረቤት ሆነሃልና ጥቂት ልበልህ።

1. ደንገሉን አትመንጥር። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ ረግረግ ብቅ ይላል፤ ሰውም ሞፈሩን ይዞ ይወርዳል። ባህር ሸሽ እርሻ እንጀራ ይሆናል፣ አልክድም። ነገር ግን ደንገል የታንኳ መሥሪያ ብቻ እንዳይመስልህ። ርብና ጉማራ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡትን ደለል የሚያስቀረው፣ ከማሳ የታጠበውን ማዳበሪያ በሥሩ የሚመጠው እርሱ ነው። የዓሣ ጫጩትም የሚሸሸገው እዚያው ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ውሃ ደለል አይችልም።

2. ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ማዳበሪያ አትበትን። ወጪው የአንተ፣ ሲሳዩ የእምቦጭ ይሆናል። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዩኔስኮ ሐይቁን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ እምቦጩ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ይዞት ነበር።

3. እምቦጭ ስትነቅል አበባ ሳያወጣ ቅደመው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የነቀልከውን ውሃ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ከምር፣ ቁራጩም ይበቅላልና። በዘመቻ ቀን ፎቶ ተነሥቶ ክምሩን ውሃ ዳር ትቶ የሚሄደውን እኔ አላመሰግነውም።

4. ዓሣ ለመያዝ ብለህ ብርብራ ፈጭተህ ወንዝ ውስጥ አትጨምር። በክረምት ዓሣው ሽቅብ የሚወጣው ሊራባ ነው፤ ያን ጊዜ መመረዝ ነውር ነው።

5. ከቤት አስቀድሞ ሽንት ቤት ቆፍር፣ ከውሃው አርቀህ። የቢልሃርዝያ እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ውሃ ይገባል፤ ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ውሃ ማፍላት ለሚጠጣ እንጂ ለሚዋኝ ልጅ አይሆንም። የምትጠጣውን ግን ኩልል ብሎ ብታየውም አፍላው።

6. ጎረቤቶችህ ወደ ደንገሉ ሲወርዱ ታያለህ፤ ቅር እንደሚልህም አውቃለሁ። ብቻህን ተቆጥበህ ሌላው ቢያርሰው ምን ዋጋ አለው ትል ይሆናል፤ እውነትህን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ሞፈርህን ከደንገሉ ወዲህ አቁምና ቀበሌው ወሰኑን ለሁሉም በችካል እንዲያሳይ ጎረቤቶችህን አስተባብረህ ጠይቅ።