ሦስት ልጆች ስድስት ሲሆኑ

ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ስለ ዳታቤዝ ስናስተምር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ ኮምፒውተር ቆጠራ ይሳሳታል ወይ? አይሳሳትም። የሚቆጥረው ግን በልባችን ያሰብነውን ሳይሆን ፊቱ ያቀረብንለትን ረድፍ ነው።

ሦስት ልጆች ያሉትን አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ቤተሰቡ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ልጆቹ በሌላ፣ የወላጆቹ ሁለት ስልክ ቁጥሮች በሦስተኛ ተመዝግበዋል። ሠንጠረዦቹን በቤተሰቡ መለያ ቁጥር አገናኝተን «ካውንት» ብንል መልሱ ስድስት ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከእያንዳንዱ ስልክ ጋር ተጣምሮ ይወጣልና። የአውቶቡስ መቀመጫ በዚህ ቢታዘዝ ግማሹ ባዶውን ይሄዳል። በተማሪው መለያ ቁጥር ላይ «ካውንት ዲስቲንክት» ስንል ሦስት ይመለሳል። በገንዘብ ግን ይህ ዘዴ ያታልላል፦ የሦስቱም ክፍያ እኩል ከሆነ «ሰም ዲስቲንክት» የአንዱን ብቻ ይወስዳል። ክፍያውን አስቀድሞ በየቤተሰቡ ለብቻው ደምሮ ከዚያ ማገናኘት ይሻላል።

ከዚህ የሚብሰው ዘንድሮ ልጅ ያላስመዘገበው ቤተሰብ ነው። በ«ኢነር ጆይን» ከዝርዝሩ ጭራሽ ይጠፋል። በ«ሌፍት ጆይን» ይቀራል፤ ነገር ግን ረድፍ ከቆጠርን ባዶው ረድፍ እንደ አንድ ልጅ ይታያል። የልጁን መለያ ቁጥር ስንቆጥር ብቻ ዜሮ ይወጣል። ለማን ደውለን «ልጁ ለምን ቀረ?» ማለት እንዳለብን የሚነግረን ያ ዜሮ ነው።

በስም መቁጠርማ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጨርሶ አይሆንም። ናይሮቢ ውስጥ ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ የምንጽፈው የአባት ስም ነው። አባቶቻቸው ተስፋዬ የሚባሉ የማይዛመዱ ልጆች አንድ ቤት ይሆናሉ፤ የአንዲት እናት ልጆች፣ አባታቸው ከተለያየ፣ ሁለት ቤት ይሆናሉ። ስለዚህ መለያ ቁጥር የግድ ነው።

የኬንያን የ2019 ሕዝብ ቆጠራ ተመልከቱ። ከነሐሴ ወር 24 ለ25 አጥቢያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአገሪቱ ያደረ ሁሉ፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ተቆጠረ። 47,564,296 ሰዎች፣ 12,143,913 ቤተሰቦች። ሁለቱ ለየብቻ በመቆጠራቸው አማካዩን የቤተሰብ ብዛት፣ 3.9ን፣ ማግኘት ተቻለ። ቤተሰቡ በየሰዉ ረድፍ ቢቆጠር ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሆኑ ነበር።

ለመልመጃ፦ አራት ልጆች፣ ሦስት ስልኮችና ሁለት የክፍያ ደረሰኞች ያሉት ቤተሰብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢገናኙ፣ ስንት ረድፍ ይወጣዋል? ልጆቹንስ በትክክል ለመቁጠር ምን ትጽፋላችሁ?