የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ምንድን ነው? ለባልና ሚስትስ ምን ይጠቅማል?

ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ እንክብሉ፣ ስለ መርፌውና ስለ ሉፑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ሰፋ ያለ ጥያቄ እናነሳለን። አንድ መንግሥት የሕዝቡ ቁጥር በምን ፍጥነት እንዲያድግ ሊወስን ይችላልን? ቢወስንስ ውሳኔው እስከ ባልና ሚስት ጓዳ እንዴት ይደርሳል? ጥያቄው ለባለሥልጣናት ብቻ የሚተው አይደለም። በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በለቡ ወይም በጀሞ ለሚኖሩ ባለትዳሮች ሁሉ፣ የቤት ኪራዩንም የትምህርት ቤቱንም ወረፋ ስለሚነካ፣ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

የሕዝብ ቁጥር እንዴት ያድጋል?

የአንድ አገር ሕዝብ ቁጥር የሚለወጠው በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ውልደት፣ ሞትና ፍልሰት ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲካሄድ የሕዝቡ ብዛት 42.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1987 ዓ.ም. 53.5 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 73.8 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በ1999ኙ ቆጠራ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ብቻ 316,283 ሰዎች ተቆጥረዋል።

በሁለቱ የመጨረሻ ቆጠራዎች መካከል የነበረው ዓመታዊ ዕድገት 2.6 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 70ን ለዚህ ቁጥር ብናካፍል 27 ገደማ እናገኛለን፤ ይህም ዕድገቱ ሳይለወጥ ቢቀጥል ሕዝቡ በ27 ዓመት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። እጥፍ ሕዝብ እጥፍ የመማሪያ ክፍል፣ እጥፍ ውኃና እጥፍ ሥራ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስድስት ልጆች ያሏቸውን ባልና ሚስት እናስብ። ልጆቻቸው አድገው ሲያገቡ እያንዳንዳቸው ሁለት ብቻ ቢወልዱ እንኳ የልጅ ልጆቹ 12 ይሆናሉ። ስለዚህ ወላጆች ጥቂት መውለድ ቢጀምሩም፣ ቀደም ብለው የተወለዱት ብዙ ወጣቶች ገና ወላጅ ስለሚሆኑ የአገር ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ማደጉን አያቆምም። የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ውጤት በአንድ ጀምበር የማይታየውም ለዚህ ነው።

መንግሥታት የሞከሯቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ማስገደድ ነው። የሩማኒያ መንግሥት የሕዝቡ ቁጥር እንዲጨምር ስለፈለገ እ.ኤ.አ. በ1966 ውርጃን በአዋጅ ከለከለ፤ የእርግዝና መከላከያም እንደልብ የማይገኝ ሆነ። በተከታዩ ዓመት የተወለዱት ሕፃናት ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን ቁጥሩ መልሶ ወረደ። ብዙ እናቶች በድብቅ ውርጃ ሞቱ፤ ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆች የሕፃናት ማሳደጊያዎችን ሞሉ። ክልከላው የተነሳው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ ነው።

ሕንድ ደግሞ በተቃራኒው ውልደትን ለመቀነስ ቸኮለች። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የማምከን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከእነርሱም አብዛኞቹ ወንዶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ወደው አልነበረም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ1977 በተደረገው ምርጫ ተሸነፈ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ ጀምሮ እስከ 2015 ድረስ አብዛኞቹ ባለትዳሮች ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልዱ ከለከለች። በ2016 ሁለት፣ በ2021 ሦስት ልጅ ብትፈቅድም ወላጆቹ እንደተፈለገው አልወለዱም፤ ከ2022 ጀምሮም የሕዝቧ ቁጥር መቀነስ ጀምሯል።

ሁለተኛው መንገድ ማስቻል ነው። ኢራን እ.ኤ.አ. በ1989 የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎትን በየገጠሩ ጤና ኬላ በነፃ አዳረሰች፤ ለሚጋቡ ጥንዶችም ትምህርት ሰጠች። የሴቶች ትምህርትም በዚያው ዘመን ተስፋፋ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው ልጅ ከ5 በላይ የነበረው ከአሥር ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ወደ 2 ተጠጋ። በኋላ ግን ያው መንግሥት ሐሳቡን ለውጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሕግ አገልግሎቱን አጠበበ። ከዚህ የምንማረው የመንግሥት ፍላጎት እንደ ዘመኑ እንደሚለዋወጥ ነው። ልጁን የሚያሳድጉት ግን በሁሉም ዘመን ወላጆቹ ናቸው።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ

በአገራችን የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የእርግዝና መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተከለከለ ነበር። ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በሽግግሩ ዘመን፣ በ1985 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲው በወቅቱ 7.7 ተብሎ የተገመተውን የአንዲት ሴት አማካይ የልጆች ቁጥር እስከ 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ወደ 4 ለማውረድ፣ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚዎችንም ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ ለማድረስ አቅዶ ነበር። ከእነዚህ ጋር የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት መቀነስ፣ የሴቶችን ትምህርት ማስፋፋትና የማስተዋወቅ ክልከላን የመሳሰሉ እንቅፋቶችን ማስወገድ ይገኙበታል። ይህን ያህል ብቻ ውለዱ የሚል ትእዛዝ ግን የለበትም።

ፖሊሲው ብቻውን አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረው የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ፣ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደ ወንዱ 18 ሆነ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አገልግሎቱን ወደየቀበሌው ይዘው ወረዱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጠ። ይህ አዋጅ ስለ ሕዝብ ብዛት አያወራም፤ ሆኖም ባልና ሚስት መቼ እንደሚወልዱ ሲመክሩ ከሚያስቧቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ውጤቱስ?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አማካዩ የልጆች ቁጥር 4.6፣ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚ ባለትዳር ሴቶች ደግሞ 36 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱም ግቦች በተባለው ጊዜ አልተመቱም። ለውጡ ግን ትልቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ልጄ ይሞትብኛል ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ለመተኪያ ጭምር ይወልዳል። ልጁ እንደሚያድግለት ሲተማመን ግን መምጠን ይጀምራል።

አዲስ አበባ ከሌላው ክፍል ቀድማ ሄዳለች። በ2008ቱ ጥናት የከተማዋ አማካይ 1.8 ሲሆን፣ በሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። አገሪቱ አንድ፣ ፖሊሲውም አንድ፣ ውጤቱ ግን ለየቅል ነው። በከተማችን ሴቶች ረዘም ላለ ጊዜ ይማራሉ፤ ዘግይተው ያገባሉ፤ ቤት ውድ ነው፤ ክሊኒክም ቅርብ ነው። ፖሊሲ በር ይከፍታል። በበሩ የሚገቡት ግን ባልና ሚስት ናቸው፤ መቼ እንደሚገቡም ኑሯቸው ይነግራቸዋል።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው?

አንደኛ፣ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ የመንግሥት ቁጥር ለማሟላት አይደለም። ስለ ሁሉም ዘዴዎች፣ ስለሚያስከትሉት የጎንዮሽ ስሜትም ጭምር የመጠየቅ፣ የመምረጥ፣ ያልተስማማችሁን የመለወጥና ልጅ ስትፈልጉ የማቆም መብት አላችሁ። ልጅ ፈልጋችሁ ከዘገየባችሁም ሁለታችሁም ቀርባችሁ ተመርመሩ። የቤተሰብ ምጣኔ መከልከል ብቻ ሳይሆን በፈለጉት ጊዜ መውለድም ነው።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሚስቶች ባላቸውን ፈርተው መርፌውን በድብቅ ይወጋሉ። አንዳንድ ባሎችም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» በማለት ነገሩን ይዘጉታል። ልጅ ዕድሉን ይዞ ቢወለድም ወተቱን፣ ደብተሩንና መኝታውን የሚያቀርቡለት እናንተ ናችሁ። አባቶቻችን «አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም። ከአንድ ወሊድ ቀጥሎ ለሚመጣው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት መጠበቅ የእናቲቱንም የሕፃኑንም ጤና ይጠብቃል። ይህን ባልየው ከሐኪሙ አንደበት ቢሰማው ይበልጥ ይረዳዋልና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራችሁ ብትመጡ መልካም ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ስንት ልጅ እንፈልጋለን? ሁለታችሁም ቁጥሩን በየፊናችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አወዳድሩ። ልዩነት ካለ ምክንያቱን ተነጋገሩ።
2. የመጨረሻው ልጃችን ስንት ዓመት ሲሞላው ሌላ ብንደግም ይመቸናል?
3. ይህን ስንወስን ከማን ግፊት አለብን? ከአማት፣ ከጎረቤት ወይስ ከራሳችን ፍርሃት?
4. ሴት ልጃችን 18 ዓመት ሳይሞላት ጠያቂ ቢመጣ መልሳችን ምንድን ነው?