እንግዳን የምትቀበል ቁምስና

(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት)

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለት ሰዎች ወደ ጉባኤ ሲገቡ ያሳየናል። አንደኛው የወርቅ ቀለበት ያደረገ፣ ያማረ ልብስ የለበሰ ነውና በክብር ስፍራ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ልብሱ ያደፈ ድኻ ነውና እንዲቆም ወይም ከሰው እግር ሥር እንዲቀመጥ ይነገረዋል (ያዕ. 2፥1-4)። ይህን ምንባብ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ባለጸጋና ስለ ድኻ ተናግረን እናልፋለን። ይሁን እንጂ ሐዋርያው የሚናገረው ስለ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤተ ክርስቲያን ደጅም ነው። ማን ይገባል? ከገባ በኋላ የት ይቀመጣል? ማንስ ያነጋግረዋል?

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጥናት ጥያቄውን የምንመለከተው በአሜሪካ ከምትገኘው ከኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የቁምስና ኑሮ በመነሣት ነው። «የራሳችንን ገና ሳንጠግብ የሌላውን መማር ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣው ድንጋጌ፣ ካቶሊካውያን በተለዩት ወንድሞች ዘንድ የሚገኘውን እውነተኛ ክርስቲያናዊ ሀብት በደስታ ሊያውቁና ሊያከብሩ እንደሚገባ አስተምሯል፤ በተሐድሶው ዘመን ከሮም ከተለዩት ማኅበራት መካከልም የካቶሊካዊውን ትውፊትና ሥርዓት በከፊል ጠብቀው ከቆዩት አንዱ የአንግሊካን ኅብረት መሆኑን በስም ጠቅሶ ተናግሯል። ከዚህም ሌላ፣ ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካ ስለሚኖሩ የእነዚህን ክርስቲያኖች ደጅ በየመንገዱ ያገኙታል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የምትገኘው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያንና በጋምቤላ ያሉት ጉባኤዎች የዚሁ ኅብረት አባላት ናቸው።

ስሙ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ኤጲስ ቆጶስ» የሚለው የግሪክ ቃል ከጥንት ጀምሮ በግእዝ ያደረ ቃል ነው፤ ትርጉሙም የሚጎበኝ፣ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ማለት ነው። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ነጻ በወጡ ጊዜ በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አንድም ኤጲስ ቆጶስ አልነበራቸውም። በእንግሊዝ ሕግ የሚሾም ሁሉ ለንጉሡ መማል ስለ ነበረበት፣ ሳሙኤል ሲበሪ የተባለው ካህን ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1784 ዓ.ም. በአበርዲን ከተማ ተሾመ። በ1789 ዓ.ም. የራሳቸውን የጸሎት መጽሐፍ አወጡ። በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው መጽሐፋቸው ደግሞ ቅዱስ ቁርባን የእሑድ ዋነኛ አምልኮ እንዲሆን ደንግጓል።

ቁምስናቸው የሚተዳደረው በቆሞሱ ብቻ አይደለም። ምእመናን በየዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ አድርገው «ቬስትሪ» የሚባለውን ጉባኤ አባላት ይመርጣሉ። ስሙ የመጣው ልብሰ ተክህኖ ከሚቀመጥበት ክፍል፣ እኛ ዕቃ ቤት ከምንለው ነው፤ ቀድሞ ስብሰባው የሚደረገው በዚያ ነበርና። ከአባላቱ ሁለቱ አለቆች ሲሆኑ፣ አንዱ የቆሞሱ የቅርብ ረዳት ነው፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ የጣራውንና የቧንቧውን ነገር ይከታተላል። ቆሞሱ ሲለቅ ተተኪውን የሚመርጠው ይኸው ጉባኤ ነው፤ ኤጲስ ቆጶሱም ይመክርበታል። በእኛ ሕግ ቆሞስን የሚሾመው ኤጲስ ቆጶሱ ሲሆን፣ የቁምስናው ምክር ቤት ምክር ሰጪ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የእነርሱ አሠራር ምእመኑ «ቤቱ የእኔ ነው» እንዲል ያደርገዋል፤ በአንጻሩ ቆሞስ በሚመረጥበት ወቅት ጭቅጭቅ ሊያስነሣ እንደሚችል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

የዓመቱ መርሐ ግብር ለእኛ አንባቢ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ከዘመነ ምጽአት ይጀምራል፤ በልደት በዓል ልጆች የእረኞችንና የመላእክትን ልብስ ለብሰው የቤተ ልሔምን ታሪክ ያሳያሉ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ማክሰኞ ምሽት ምእመናን ተሰብስበው በእንቁላልና በቅቤ የተጋገረ ቂጣ ይበላሉ። የኛን ቅበላ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም፤ ለጾም የማይሆነው ምግብ በቤት እንዳይቀር ነው። በጾሙ ወራት በሳምንት አንድ ምሽት ሾርባ እየተጠጣ መጽሐፍ ቅዱስ ይጠናል። ለጥምቀት በተለይ የሚመረጡት ቀናት የትንሣኤ ሌሊት፣ ጰራቅሊጦስ፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓልና የጌታ ጥምቀት ናቸው፤ ኤጲስ ቆጶሱ ሲመጣም እንዲሁ። ኤጲስ ቆጶሱ እያንዳንዱን ቁምስና ቢያንስ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ የመጎብኘት ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን በሚውለው በቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል አካባቢ ሰዎች ውሻቸውን፣ ድመታቸውን፣ አንዳንዴም ፈረሳቸውን ይዘው መጥተው ያስባርካሉ። በመጸው ወራት ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚመጣው ዓመት የሚሰጠውን መባ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የቁምስናው በጀት የሚሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው።

በየአውራ ጎዳናው ዳር ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በደስታ እንደምትቀበል የሚገልጽ ሰሌዳ ተተክሎ ይታያል። ሰሌዳ መትከል ቀላል ነው። ከባዱ ሰሌዳውን አይቶ የገባው ሰው የሚገጥመው ነገር ነው። መልካም ሥርዓት ባለበት ቁምስና በደጅ የሚቆሙ ተቀባዮች አሉ፤ ለገባው ሁሉ የዕለቱ ጸሎት፣ ንባብና መዝሙር የታተመበት ወረቀት ይሰጣሉ፤ እንግዳው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚቀመጥ ሳያፍር ይከተላል። ከጸሎቱ በኋላ በአዳራሽ ቡና ይቀርባል። እንግዳው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ከተወ በሳምንቱ ውስጥ የሚጠይቀው ሰው ይመጣል፤ መቆየት ከፈለገም የአዲስ መጪዎች ትምህርት ይጠብቀዋል። ቡናውን ስናነሣ፣ እኛ የቡና አገር ሰዎች ነንና ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ዳሩ ግን በማኅበርና በዝክር እንግዳ ሳያስተናግድ የማይበላው ሕዝባችን፣ በእሑድ ቅዳሴ ከጎኑ የቆመውን እንግዳ ስም ሳይጠይቅ ስንት ጊዜ ይሸኘዋል?

እንግዳን መቀበል ግን ከቡና ያለፈ ነገር ነው፤ ይህንም የሚያስረዳ ታሪክ በፊላዴልፊያ ከተማ ይገኛል። አብሳሎም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1746 ዓ.ም. በደላዌር በባርነት ተወለደ። ማንበብን በራሱ ጥረት ተማረ፤ አስቀድሞ የሚስቱን ነጻነት ገዛ፤ እርሱ ግን ነጻ የወጣው በ1784 ዓ.ም. ነው። በ1787 ዓ.ም. ከሪቻርድ አለን ጋር ሆኖ ድኾችን፣ መበለቶችንና ሕሙማንን የሚረዳ የነጻ አፍሪካውያን ማኅበር አቋቋመ። ሁለቱም በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በተሰየመች የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ይጸልዩ ነበር። ጥቁሮቹ ምእመናን ለሕንፃው ሥራ ገንዘብም ጉልበትም አዋጥተዋል። አንድ እሑድ ግን ተንበርክከው በመጸለይ ላይ ሳሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳዳሪዎች መጥተው አብሳሎም ጆንስን ከጉልበቱ አስነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ሊወስዱት ሞከሩ። ጸሎቱ እስኪያልቅ እንዲታገሡት ለመነ፤ አልሰሙትም። ጸሎቱ ሲፈጸም ጥቁሮቹ ሁሉ ባንድነት ወጥተው ሄዱ።

በ1793 ዓ.ም. በከተማዪቱ ቢጫ ወባ ገብቶ 5,000 ያህል ሰው ፈጀ። አቅም ያለው ሁሉ ሲሸሽ፣ ጆንስና አለን ወገኖቻቸውን አስተባብረው ሕሙማንን አስታመሙ፤ ሙታንን ቀበሩ። ከዚያ በኋላ የጥቁሮቹን አገልግሎት የሚያጎድፍ ክስ ታትሞ ወጣ፤ እነርሱም በ1794 ዓ.ም. ወጪያቸውንና ሥራቸውን ዘርዝረው በጽሑፍ መልስ ሰጡ።

በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን አዲሱ ሕንፃቸው ተመርቆ ተከፈተ። አለን በሜቶዲስትነቱ ጸንቶ የራሱን ጉባኤ መሠረተ፤ የጆንስ ወገን ግን ወደ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የቅዱስ ቶማስ አፍሪካዊት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተባለ። የገቡትም እንደ ተበተኑ ግለሰቦች ሳይሆን እንደ አንድ ጉባኤ ነው፤ የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ፣ ጆንስም የጸሎት መሪ እንዲሆንና ብቁ ሆኖ ሲገኝ እንዲሾም ጠይቀው ተፈቀደላቸው። ኤጲስ ቆጶስ ዊልያም ኋይት በ1795 ዓ.ም. ዲቁና ሰጠው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያች ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጥቁር ቄስ ሆነ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1818 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በየዓመቱ በዚሁ ቀን ታስበዋለች።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብናቆም ያማረ ይሆን ነበር፤ እውነቱ ግን ሙሉ አይሆንም። ቁምስናዋ ስትቀበል በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ላይ መቀመጫም ድምፅም እንዳይኖራት ተወስኖ ነበር። ይህ እገዳ እስከ 1860ዎቹ ድረስ ጸንቶ ቆየ። እንግዲህ ከአንዱ ቤት ከጉልበታቸው የተነሡት ሰዎች በሌላው ቤት ገብተው እንዲንበረከኩ ተፈቀደላቸው፤ ስለ ቤቱ እንዲመክሩ ግን ከ60 ዓመት በላይ አልተፈቀደላቸውም። አስገብቶ ከምክር ማራቅም የያዕቆብ መልእክት ከሚወቅሰው አድልዎ የሚመደብ ነው። ቁምስናዋ ዛሬም በፊላዴልፊያ ምዕራባዊ ክፍል አለች።

ከእነዚህ ምእመናን ጋር የሚገናኝ ካቶሊካዊ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። በእነርሱ ሥርዓት ወደ ቁርባን የሚጋበዘው በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ሁሉ ነው። እኛ ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. የአንግሊካን ክህነት በሢመቱ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት እንደማይጸና ያወጁትን ውሳኔ እንጠብቃለን፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም (1990 ዓ.ም.) በቁጥር 671 ካቶሊካዊ ምሥጢራትን ሊቀበል የሚችለው ምሥጢሩ ከሚጸናበት አገልጋይ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ አብሮ መጸለይ፣ ቃሉን መስማት፣ በሠርግና በቀብር መገኘት ይቻላል፤ ከዚያ ማዕድ መቁረብ ግን አይቻልም። በብዙ ቁምስናዎቻቸው የማይቆርብ ሰው እጁን በደረቱ ላይ አመሳቅሎ ቢቀርብ ቡራኬ ይሰጠዋል፤ ማንም አይቀየመውም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1976 ዓ.ም. ሴቶችን ለክህነት ለመሾም መወሰኗ ልዩነቱን አስፍቶታል። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የጵጵስና ቀለበታቸውን አውልቀው በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በማይክል ራምሲ ጣት ላይ አድርገውላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጀመረውም ውይይት አልተቋረጠም። መምህራን ሆይ፣ በውጭ አገር ያለ ወጣት ስለዚህ ሲጠይቃችሁ ሕጉን ሳትሸፍኑ፣ የእነዚያንም እምነት ሳታንቋሽሹ መልሱለት።

በክፍል ውስጥ ለመወያየት የሚከተሉትን ማንሣት ይቻላል። ባለፈው እሑድ በቁምስናችን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ነበረ? ማን አነጋገረው? ቋንቋችንን የማይናገር፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወይም ሥርዓታችንን የማያውቅ ሰው ቅዳሴውን የሚከተልበት ምን አዘጋጅተናል? በመጨረሻም፣ ከእኛ ጋር ለዓመታት ሲያስቀድሱ ኖረው በቁምስናው ምክር ቤት አንድም ቀን ተጠይቀው የማያውቁት እነማን ናቸው?