የአየር ጠባይ መለወጥን የሚመሰክሩ ተራ ደብተሮች

የምድር አየር እየሞቀ ሔደ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወዲያው ወደ ሳተላይትና ወደ ታላላቅ የምርምር ጣቢያዎች ይሔዳል። ነገሩን የሚያውቁት ሊቃውንት ናቸው፤ የእኛ ፈንታ እነርሱን መስማት ነው ብለን እንቀመጣለን። ይሁን እንጂ ቴርሞሜትርን በሥርዓት ማንበብ በብዙው ዓለም የተስፋፋው ከ1850 ገደማ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ለማወቅ የፈለገ ሊቅ የዛፍ ግንድ ቀለበት ይቈጥራል፤ ከምድር ዋልታ የበረዶ ድርብርብ ቦርቡሮ ያወጣል፤ ደግሞም ያረጀ ደብተር ፍለጋ ይዞራል። ደብተሮቹን የጻፏቸው ካህናት፥ ነጋዴዎች፥ ባለርስቶችና ባለሱቆች ናቸው። አብዛኞቹ ብዕራቸውን ያነሡት ስለ አየር ጠባይ መለወጥ ብለው አልነበረም። ታዲያ ጽሑፋቸው እንዴት ሆኖ ለዛሬው ጥናት ምስክር ሊሆን በቃ? ከእኛስ መካከል ደብተር ሊይዝ የሚወድ ቢገኝ ምን ዐይነቱ አጻጻፍ ይጠቅማል፥ ምን ዐይነቱስ ያሳስታል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው ይህን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው፤ እንዲህ ያደረግሁበትን ምክንያት ከታች እገልጻለሁ።

ዛፍ ቅጠል የሚያወጣበትን፥ አበባ የሚፈካበትን፥ ወፍ ከሔደበት የሚመለስበትን፥ ሐይቅ በረዶ ሆኖ የሚረጋበትን ቀን እየመዘገቡ ማጥናት ፌኖሎጂ ይባላል። አሳቡ ቀላል ነው። በብርድ አገር የሚበቅል ብዙው ተክል ሙቀቱ ቀን በቀን እየተጠራቀመ ከልኩ ሲደርስ እምቡጡን ይከፍታል። ስለዚህ እምቡጡ የተከፈተበት ቀን ያለፉት ሳምንታት ምን ያህል ሞቃት እንደ ነበሩ ይናገራል። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን ዛፉ ራሱ ቴርሞሜትር ነበረ፤ የሚፈልገው አንባቢ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የብርድ ወራት የምለው የሰሜኑን አገር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው። ክረምት ያልሁ እንደ ሆነ ዝናብ ይመጣብናል።)

ምሳሌውን ከበረዶ ልጀምር። በጃፓን ሱዋ የሚባል ሐይቅ አለ። በብርዱ ወራት ውሃው ከዳር እስከ ዳር ከረጋ በኋላ ሌሊት ብርዱ ሲጠና በረዶው ይኰማተርና ይሰነጠቃል፤ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ተመልሶ ስለሚሰፋ ስንጥቁ ላይ ተጋፍቶ እንደ አጥር ቀጥ ብሎ ይነሣል። የአገሩ ሰው ይህ የበረዶ አጥር አንድ አምላክ ማዶ ያለችውን ሚስቱን ሊጐበኝ የተሻገረበት መንገድ ነው ይላል። የሺንቶ ቤተ መቅደስ ካህናትም ነገሩን ከ1443 ጀምሮ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከዚያ እጅግ ርቆ፥ በስዊድንና በፊንላንድ ወሰን በሚወርደው በቶርኔ ወንዝ፥ ኦሎፍ አልቦም የተባለ ነጋዴ በ1693 የወንዙ በረዶ የተሰበረበትን ቀን መጻፍ ጀመረ። ለነጋዴ የወንዝ መከፈት የእንጀራ ጕዳይ ነው። ከ1715 እስከ 1721 ድረስ መዝገቡ ባዶ ነው፤ የሩስያ ጦር ስለ መጣ አልቦም አገሩን ጥሎ ሸሽቶ ነበር። ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለ።

ሳፕና ሻርማና ጆን ማግኑሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ሁለት መዝገቦች አጥንተው በ2016 አሳተሙ። በሱዋ በመጀመሪያዎቹ 250 ዓመታት ሐይቁ ሳይረጋ የቀረው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ከ1955 እስከ 2004 ባሉት 50 ዓመታት ግን 12 ጊዜ፥ ከ2005 እስከ 2014 ባሉት 10 ዓመታት ብቻ ደግሞ 5 ጊዜ ሳይረጋ ቀረ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ካህናቱ ሐይቁ ያልረጋበትን ዓመትም ጽፈዋል። ያን ዓመት ዝም ብለው ቢያልፉት ኖሮ፥ ሐይቁ ሳይረጋ የቀረበትን ዓመት ጸሐፊው ታሞ ከቀረበት ዓመት ለይቶ የሚያውቅ አይገኝም ነበር።

በዚያው በጃፓን፥ በኪዮቶ ከተማ፥ የቼሪ አበባ የፈካበት ቀን ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይገኛል። ይህ ግን በአንድ ደብተር የተጻፈ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ አበባው ሲፈካ ግብዣ ያደርጉ ነበርና ቀኑን በየግል ማስታወሻቸው አኖሩት። ያሱዩኪ አኦኖ የተባለው የኦሳካ ምሁር ይህን ከየማስታወሻው ለቅሞ፥ የጥንቱን የጃፓን ቀን ወደ ዛሬው አቈጣጠር መልሶ፥ ከ812 የሚጀምር ሰንጠረዥ ሠራ። በ2021 አበባው ሙሉ በሙሉ የፈካው ማርች 26 ቀን ሲሆን፥ በሰንጠረዡ ካሉት ካለፉት ዓመታት ሁሉ የቀደመ ነበረ። በ2023 ደግሞ ማርች 25 ሆነ። ግብዣ የወደዱ መኳንንት ሳያስቡት ለሳይንስ አገልግለዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በኮንኮርድ ከተማ የተደረገው ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ጥቂት እቈያለሁ። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ዋልደን የተባለውን መጽሐፍ የጻፈ ደራሲ መሆኑን ከእኛ ብዙዎች ሰምተናል። ከ1851 እስከ 1858 ድረስ ግን በከተማው ዙሪያ በእግሩ እየዞረ ከ500 የሚበልጡ የአትክልት ዐይነቶች መጀመሪያ ያበቡበትን ቀን መጻፉን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቶሮ በ1862 ሞተ። ከእርሱ በኋላ አልፍሬድ ሆስመር የተባለ የዚያው ከተማ ባለሱቅ በ1878፥ ደግሞም ከ1888 እስከ 1902 ያንኑ ሥራ ሠራ። እንደ ቶሮ ያለ ዝና አላገኘም፤ ለብዙ ጊዜም የሚያስታውሰው አልነበረም። ከ1963 እስከ 1993 ደግሞ አንዲት የአትክልት ሥፍራ ንድፍ የምትሠራ ሴት በራሷ ፈቃድ ቀኑን ስትጽፍ ኖረች።

የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ፕሪማክና ተማሪው የነበረው ኤብራሃም ሚለር ራሺንግ እነዚህን ዝርዝሮች ፈልገው አገኙ፤ እነርሱም ራሳቸው በኮንኮርድ ሜዳና ጫካ እየዞሩ ዓመት ከዓመት ተመለከቱ። ውጤቱን በ2008 ሲያሳትሙ፥ በየዘመኑ በሚገባ የታዩት 43 ዐይነቶች በአማካይ ከቶሮ ጊዜ 7 ቀን ቀድመው እንደሚያብቡ አስረዱ። በዚያው ዘመን የአካባቢው ሙቀት በ2.4 ሴንቲግሬድ ጨምሯል፤ ከዚህ ከፊሉን ያመጣው የከተማው መስፋት ነው።

ነገሩ በ7 ቀን ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ለወሬ ያህል ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ቻርልስ ዊሊስ ከፕሪማክና ከሌሎች ጋር ሆኖ ያሳተመው ጥናት የባሰውን ገለጠ። ቶሮ ካያቸው ዐይነቶች 27 ከመቶው ዛሬ በኮንኮርድ አይገኙም፤ ሌላ 36 ከመቶው እጅግ ከመመናመናቸው የተነሣ ሊጠፉ ቀርበዋል። የጠፉትና የተመናመኑት በብዛት የአበባ ቀናቸውን ከሙቀቱ ጋር ማስማማት ያልቻሉት ናቸው። በኋላ በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ በጫካው ሥር ለሚበቅሉት አበቦች አንድ ምክንያት አሳየ። እነዚህ ትናንሽ አበቦች የዓመት ስንቃቸውን የሚያዘጋጁት ከበላያቸው ያሉት ዛፎች ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት፥ ፀሐይ እስከ መሬት በምትደርስባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው። አሁን ዛፎቹ ለሙቀቱ ከአበቦቹ ይልቅ ፈጥነው ስለሚነቁ ጥላው ቀድሞ ይወርድባቸዋል፤ ብርሃን የሚያገኙበት ጊዜም ያጥራል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የተቻለው የትኛው አበባ የት እንደ ነበረና መቼ እንዳበበ የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው። በቶሮና በእኛ ዘመን መካከል ያለውን ረጅም ክፍተት የሞላው ደግሞ ያ ባለሱቅ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ሮበርት ማርሻም የተባለ ባለርስት በ1736 በኖርፎክ የጀመረውን የጸደይ ምልክቶች መዝገብ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እስከ 1958 ቀጥለውታል። ከርስቱ ጋር ደብተሩም ተወረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። መጀመሪያ የታየበት ቀን የሚባለው ነገር አታላይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲፈልግ የመጀመሪያውን አበባ በወሩ በ10ኛው ቀን አገኘ እንበል። ሃምሳ ሰው ቢፈልገው ምናልባት በ4ኛው ቀን ይገኛል። አበባው አልቀደመም፤ የበዛው ዐይን ነው። አበባው እየተመናመነ የሔደ እንደ ሆነም የመጀመሪያው ዘግይቶ ይገኛል፤ ይህም አበባው የዘገየ ያስመስለዋል። ከዚህም በላይ ሠራተኛ ሰው ወደ ዱር የሚወጣው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ከዚህ የተነሣ በአንዳንድ መዝገብ ወፎቹ እሑድ እሑድ መምጣት የሚወዱ መስለው ታይተዋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የፌኖሎጂ መረብ በ2007 ተቋቍሞ በ2009 ለሕዝብ የከፈተው የአመዘጋገብ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ሳንካ ይቀንሳል። ተመልካቹን አበባ መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው ብሎ ብቻ አይተወውም። አንድ የታወቀ ተክል ያስመርጠውና በሔደ ቍጥር፥ ዛሬ የተከፈተ አበባ አለው ወይ ይለዋል፤ መልሱም አለ፥ የለም፥ ወይም አላረጋገጥሁም ነው። ሰኞ የለም፥ ሐሙስ አለ ተብሎ ከተጻፈ አበባው የተከፈተው በሰኞና በሐሙስ መካከል መሆኑ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። ይህ እንግዲህ የሱዋ ካህናት ልማድ ነው።

በአንድ ዛፍ ብቻ መታመንም የራሱ አደጋ አለው። በጄኔቫ የሸንጎው ዋና ጸሐፊ በአንድ የተመረጠ የቼስትነት ዛፍ ላይ የመጀመሪያዋ ቅጠል የወጣችበትን ቀን ከ1818 ጀምሮ በይፋ ይመዘግባል። ቀኑ እየቀደመ ሔዶ ገና ዓመቱ ሳያልቅ፥ በዲሴምበር ቅጠል የወጣበት ጊዜም ታይቷል። ነገር ግን ዛፉ በከተማ መካከል የቆመ ስለ ሆነ ድንጋዩና ግንቡ ያሞቀዋል፤ ዛፉ ሲሞትም በሌላ እየተተካ ቈይቷል፤ እያንዳንዱ ዛፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መዝገቡ ሐሰት አይደለም፤ ግን የምድርን ሙቀት፥ የከተማውን ሙቀትና የዛፉን ጠባይ በአንድ ድምፅ ስለሚናገር ለይቶ መስማት ያስቸግራል።

የአውሮጳን አቈጣጠር የያዝሁበትን ምክንያት ልግለጽ። የማርሻም መዝገብ ሲጀመር እንግሊዝ በዩልዮስ አቈጣጠር ነበረች፤ በ1752 ወደ ግሪጎርዮስ ስትሻገር 11 ቀን ዘለለች። ይህን የረሳ አንባቢ የእንግሊዝ አበቦች ሁሉ በአንድ ዓመት 11 ቀን የዘገዩ ይመስሉታል። የእኛም አቈጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጕሜን ሳያጓድል 6 ስለሚያደርግ የዓመቱ ርዝመት 365 ቀን ከሩብ ነው። የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል፤ ይህም በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ስለዚህ መስከረም 1 ከ1900 በፊት በነበረው መቶ ዓመት በአብዛኛው በሴፕቴምበር 10 ይውል ነበር፤ አሁን በ11 ይውላል፤ ከ2100 ጀምሮ በ12 ይሆናል። እንግዲህ አንድ አበባ ከፀሐይ ጋር ያለውን ቀጠሮ ፈጽሞ ሳያዛንፍ በእኛ ቀን መቍጠሪያ ግን በ128 ዓመት አንድ ቀን የቀደመ ይመስላል። አንድ ቀን ትንሽ ናት ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የኮንኮርድ ለውጥ በሙሉ 7 ቀን ነው፤ ይህች አንድ ቀንም የምታደላው ሙቀቱ በሚያደላበት በኩል ነው። በእኛው አቈጣጠር መጻፍ አይከፋም፤ ሲሰላ ግን መመለስ ይገባል።

ስለ አገራችን ካነሣሁ አይቀር የዐባይን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ግብጻውያን በካይሮ፥ በሮዳ ደሴት፥ የወንዙን ሙላት የለኩበት መዝገብ ጕድለት ቢኖርበትም ከ622 ይጀምራል፤ ዛሬ የሚታየው መለኪያ የተሠራው በ861 ነው። የሙላቱ ልክ የዓመቱን እህልና ግብር ይወስን ነበርና ቍጥሩ በጥንቃቄ ተጠበቀ። የዚያ ሙላት አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። ስለ ራሳችን ክረምት በጽሑፍ ከተገኙት እጅግ ረጃጅም ምስክሮች አንዱ በወንዙ ታችኛ ጫፍ፥ በሌላ አገር ግብር አስገቢ እጅ መጻፉ ትንሽ የሚያስቈጭ ነገር ነው።

የተጻፈውን ማንበብም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው በየቤቱ በተዘጋ ጊዜ፥ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲው ኤድ ሆኪንስ በእጅ የተጻፉ የጥንት የብሪታንያ የዝናብ መዝገቦችን በኢንተርኔት አቀረበ። 16,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች በ16 ቀን ውስጥ ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ የዝናብ ልክ ገለበጡ። በዚህ የተነሣ ከ1862 ይጀምር የነበረው የመንግሥቱ የዝናብ ሰንጠረዥ ወደ 1836 ተመለሰ።

በግቢያችን እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው የአንድ ደብተርና የአንድ እርሳስ ዋጋ ነው። ከአንድ ዐይነት ዛፍ፥ ጃካራንዳም ቢሆን፥ ከሕንጻ የራቁ ሦስት ዛፎችን መርጦ ቍጥር መስጠት፤ በሳምንት ሁለት የተወሰኑ ቀኖች፥ ለምሳሌ ማክሰኞና ዐርብ፥ እየሔዱ እምቡጥ፥ የተከፈተ አበባ፥ አዲስ ቅጠል አለ ወይም የለም ብሎ መጻፍ ነው። በእኛ አገር ብዙ ተክል ከሙቀቱ ይልቅ የዝናቡን መምጣትና መሔድ ስለሚከተል፥ ዝናብ የጣለበትን ቀን በአጠገቡ ማስፈር የግድ ነው። የተማሪ ዕድሜ በግቢው አጭር ነው፤ ስለዚህ የሚመረቀው ተማሪ ደብተሩን ለአዲስ ገቢው ከማስረከቡ በፊት ሁለቱ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ቢያዩ፥ አንደኛው ተከፈተ የሚለውን ሌላው ገና ነው እንዳይለው ያደርጋል። የጸሐፊው ስም በየገጹ ይኑር። ከሦስቱ አንዱ ዛፍ የተቈረጠ እንደ ሆነ የተቈረጠበትን ቀንና ምክንያቱን ጽፎ ገጹን መዝጋት፤ ለምትኩ አዲስ ቍጥርና አዲስ ገጽ መክፈት ነው እንጂ በአሮጌው ቍጥር መቀጠል አይገባም።