የማይታይ አገልግሎት

ንባብ፦ የሐዋ. 16፥25፤ ቆላ. 3፥23-24፤ ያዕ. 5፥4



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም 8ቱ ሙዚቀኞች ለሚጨነቀው ሕዝብ ዜማ እያሰሙ ቆዩ፤ ከእነርሱም አንድ ስንኳ አልተረፈም። መሪያቸው ዋላስ ሃርትሊ የመዘምራን አለቃ ልጅ ነበረ። የቀጠራቸው በሊቨርፑል ያለ ደላላ ስለ ሆነ፥ የመርከቢቱ ባለቤቶች «ሠራተኞቻችን አይደሉም» ብለው ለቤተ ሰቦቻቸው ካሳ ከለከሉ። ደላላውም ከሟቾቹ የአንዱን አባት የልጁን የደንብ ልብስ ዋጋ ጠየቀው።

በዚያው ዘመን ከሐርጌሳና ከበርበራ አገር የወጡ ሶማሌዎች በኤደን በኩል በእንግሊዝ መርከቦች እየተቀጠሩ በታችኛው ክፍል ለእሳቱ ድንጋይ ከሰል ያቀርቡ ነበር። መርከቢቱ በላባቸው ትሄዳለች፤ ፊታቸውን ግን የሚያይ አልነበረም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1ኛ/ ጳውሎስና ሲላስ በእኩለ ሌሊት በወኅኒ ዘመሩ፤ እስረኞችም ሰሙ። እውነተኛ ዝማሬ የተመቸ ጊዜ አይጠብቅም።

2ኛ/ ለጌታ ብሎ የሚሠራ፥ ሰው ባያየውም ዋጋውን ከጌታ ይቀበላል።

3ኛ/ ይህን ተስፋ ግን የሠራተኛውን ደመወዝ ለመያዝ ምክንያት አናድርገው። የተቀማ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻልና።

እንግዲህ በማኅበራችን መዘምራኑን ስናመሰግን፥ ሌሊት የሚጠብቀውን ዘበኛና ወለሉን የምታጸዳውን እኅት እናስብ። ደመወዛቸው በጊዜው ተከፍሎአልን? በሚመጣው የሽማግሎች ጉባኤ ይህን እንጠይቅ።