አረጋውያንን ስለ ማክበር

አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን አባትና እናት ባረጁ ጊዜ ልጆቻቸው ሥራውን ሁሉ ከእጃቸው ተቀብለው «እርስዎ ይረፉ» ይሏቸዋል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘወትር የሚቀመጥ ሰው ጡንቻው ይደክማል፥ አጥንቱም ይሳሳል፤ ስለዚህ በጥቂት መሰናክል ወድቆ ይሰበራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2020 ባወጣው ምክር፥ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንደ ፈጠን ያለ እርምጃ ባለ ሥራ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ፤ ሚዛኑንና ጕልበቱን የሚያጸና ልምምድም በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ያድርግ ይላል። ይህን ያህል የማይችል እንደ ዐቅሙ ይዠምር፤ ጥቂቱ ከምንም ይሻላልና።

ጤና ግን የሥጋ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1938 የተዠመረው ምርመራ ወንዶችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከታትሎ፥ በ50 ዓመታቸው ከቤተ ሰብና ከወዳጅ ጋራ በመልካም ፍቅር የኖሩት በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና እንደ ነበራቸው አገኘ።

እንግዲህ አረጋውያንን ማክበር ወንበር መስጠት ብቻ አይደለም። ክንዳቸውን ይዞ አብሮ መሄድ፥ ምክራቸውን መጠየቅ፥ የሚችሉትንም ሥራ ከእጃቸው አለመንጠቅ ነው።