የቪትዟን ሞዴል ከቀብድ በፊት ማወቅ

ኮርቬት የሚያውቁ ሰዎች ዓመቷን ከኋላ መስታወቷ ያነባሉ፤ ኩፔዋ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ 1963 ናት፣ በ1964 አንድ ወጥ ሆኗል። መቀሌ ላይ እንዲህ ያለ ዓይን የሚያስፈልገው ለቪትዝ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌዎች እጅ በእጅ ይዞራሉ፤ ዋጋውም በሞዴሉ ይቆረጣል። (ሞዴል የሚጠራው ሁሌም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

አንደኛ፣ ዳሽቦርዱን ይዩ። ፍጥነት መቁጠሪያው መሀል ላይ ከሆነ መኪናዋ ከመጀመሪያው (1999) ወይም ከሁለተኛው (2005) ትውልድ ናት። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ወደ መሪው ጀርባ ሄዷል።

ሁለተኛ፣ ኮፈኑን ያስከፍቱ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። ባለ 1000 ሲሲዋ የመጀመሪያው ትውልድ ኤስሲፒ10፣ ሁለተኛው ኬኤስፒ90፣ ሦስተኛው ኬኤስፒ130 ይላል። (ኬኤስፒ90 ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነች ቆማ ስትሠራ ትንሽ መንቀጥቀጧ ባሕርይዋ ነው፤ ለዚህ ብለው ዋጋ አያስቀንሱ።) ለጃፓን ገበያ የተሠራች መኪና ሻንሲ ቁጥር ዓመት አይናገርም፤ የአሜሪካኑ 17 ፊደልና ቁጥር ግን 10ኛው ላይ ይናገራል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። የተፈገፈገ ወይም የተበየደ ካዩ ድርድሩን ያቁሙ።

ሦስተኛ፣ የደህንነት ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። ከታች በኩል ብዙ ጊዜ የተሠሩበት ቀን ያለበት ጨርቅ ተሰፍቶባቸዋል። አንዱ ከሌሎቹ በዓመታት ከራቀ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ አደጋ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው የመቀሌ ጉዳይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በጦርነቱ ነዳጅ ጠፍቶ ብዙ መኪና ቆሞ ነበር፤ የቆመ መኪና ደግሞ ኪሎሜትሩ ትንሽ ሆኖ ጎማውና ነዳጅ መስመሩ ያረጃል። ጎማው ላይ 1418 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. 14ኛ ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ አለመበላቱ አያታልልዎ። ሞተሩንም ሳይሞቅ እርስዎ ራስዎ ያስነሱት።

በመጨረሻ መንገድ ትራንስፖርት ሄደው እግድ እንደሌለባት ያጣሩ። 2005 ሁለቱ ትውልዶች የተገናኙበት ዓመት ስለሆነ ሊብሬው 2005 ብሎ ሻንሲው ኤስሲፒ10 ቢሆን አይደንግጡ። ሊብሬው 2007 ካለ ግን ቀብዱን ከኪስዎ አያውጡ።